የጋሽ ነስሩ ቃልና የጥቁሯ መኪና ኮፈን

የጡረታ ወረቀቴ ላይ «የተሽከርካሪ ጽዳት ሠራተኛ» ተብሎ ተጽፏል። ፈርሜ ተቀበልኩ፤ ምን አደርጋለሁ? ለአንዲት ቃል ብዬ ከጸሐፊዋ ጋር ልጣላ? ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ሳነብላት ግን ደሜ ፈላ። ጽዳት! ከሠላሳ ዓመት በላይ ጥቁር መኪና ላይ አጎንብሼ፣ ትከሻዬ እምቢ እስኪለኝ ድረስ ሰው ጢሙን የሚላጭበት ኮፈን ሳወጣ ኖሬ፣ ጽዳት! ባለቤቴ «ታዲያ ምን ይበሉህ? ዶክተር?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅኩ። ግን ሌሊቱን ሳስበው አደርኩና ጠዋት ደብተር ገዛሁ። ስለ ራሴ ልጽፍ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ሥራውን ስላስተማሩኝ ስለ ጋሽ ነስሩ ነው የምጽፈው፤ እሳቸው በሕይወት ቢኖሩና ያንን ወረቀት ቢያዩት ምን ይሉ እንደነበር አውቃለሁ፤ እዚህ ግን አይጻፍም።

ስሜ ተሾመ ነው፤ የእሪ በከንቱ ልጅ ነኝ። መጀመሪያ አራት ኪሎ አንድ እንጨት ቤት ቁምሳጥን ቫርኒሽ እቀባ ነበር። ከዚያ አምስት ኪሎ አንድ ላቫጆ ገባሁ። የላቫጆው ባለቤት በአንድ ባሊ ውኃ ስድስት መኪና የሚያጥብ፣ ጎማ የጠረገበትን ጨርቅ መልሶ ኮፈን ላይ የሚያሳርፍ ጉድ ነበር። ደንበኛ ሲቆጣ «ጌታዬ፣ ሲደርቅ ያምራል» ይላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ መሥሪያ ቤት ጋራዥ ተቀጥሬ የሹማምንት መኪና እያበራሁ ለጡረታ በቃሁ። ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም። ደመወዙ ቀኑን አይስትም፤ የመኪናው ሰም ግን ሁልጊዜ «ግዥ ላይ ነው» ይባላል። ሥራ የምለው በመሃል ከጋሽ ነስሩ ጋር የሠራሁባቸውን አሥራ አንድ ዓመታት ነው።

ጋሽ ነስሩ የወሎ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው ከደሴ መጥተው አራዳ ላይ ያረጁ። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ቀልዳቸው ግን ምላጭ። የሥራ ቦታቸው ከፒያሳ ወደ እሪ በከንቱ ሲወረድ ከአንድ ዳቦ ቤት ጀርባ ያለች፣ ሦስት መኪና የምታስጠልል የቆርቆሮ ዳስ ነበረች። አሁን ያ ሠፈር ፈርሶ ሰፊ መንገድ ወጥቶበታል። ባለፈው ሄጄ ዳሷ የት ጋ እንደነበረች ልለይ ብል አቃተኝና አንድ የማላውቀውን የጥበቃ ሠራተኛ ሰላም ብዬ ተመለስኩ።

ሥራ ልጠይቃቸው የሄድኩ ቀን ሰላምታዬን እንኳ ሳያስጨርሱኝ «ቀለበትህን አውልቅ። ሰዓትህንም። ቀበቶህንም ፍታ» አሉኝ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሚስት ካገባሁ ገና መንፈቅ አልሞላኝም።

«ጋሼ፣ ሊገርፉኝ ነው እንዴ?»

«አይ፣ አንተ መኪናዋን እንዳትገርፋት ነው።»

ለካስ የቀበቶ ዘለበት በር ላይ ደገፍ ስትል ቀለም ይጭራል። እሳቸው ራሳቸው ሱሪያቸውን በገመድ ነበር የሚያስሩት፤ የሸሚዛቸው ቁልፍ እንዳይነካም ሽርጣቸውን እስከ አንገታቸው ይስቡታል። ያኔ ፒያሳ ውስጥ ጫማው የሚያበራ፣ ሱሪው በገመድ የታሰረ ሽማግሌ አይታችሁ ከሆነ እሳቸው ነበሩ።

ጥቁር መኪና ምን እንደሆነ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ነጭ መኪና ይቅር ባይ ናት፤ አቧራውንም ጭረቱንም ትሸፍንልሃለች። ጥቁር ግን ምንም አትደብቅልህም። በጥላ ሥር ስታያት ንግሥት ትመስልሃለች፤ ፀሐይ ላይ ስታወጣት በየላቫጆው በቆሸሸ ጨርቅ የታሸችው ሁሉ እንደ ሸረሪት ድር እየተሽከረከረ ይታያል። ያገለገለች ጥቁር መኪና ስትመጣ ጋሽ ነስሩ መጀመሪያ ፀሐይ ላይ አቁመው ይዞሯታል፤ ከዚያ ጥላ ያስገቧትና አይነኳትም። የእጃቸውን ጀርባ ኮፈኑ ላይ አድርገው፣ እናት የልጇን ግንባር እንደምትዳስስ ይዳስሱና «ትኩሳቷ ይውረድላት» ይላሉ። ባለቤቱ ሰዓቱን እያየ ቢቁነጠነጥ ግድ የላቸውም። በጋለ ላሜራ ላይ ሳሙና ይደርቃል፣ ፖሊሽ ይጋገራል፤ ይህንን ለማስረዳት ግን አይደክሙም፤ ወንበር ይስቡለታል።

እጥበቱ በባዶ ውኃ ይጀመራል። አቧራ ማለት አሸዋ ነው፤ ውኃ ሳይወስደው በጨርቅ ካሸኸው በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ማለት ነው። ከጣራ ወደ ታች እንጂ ከታች ወደ ላይ የለም። ሁለት ባሊ፤ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ ጨርቁ የሚለቀለቅበት። የጎማው ባሊ ሌላ ነው፤ የሱን ጨርቅ ከኮፈን ጨርቅ ጋር አንድ ገመድ ላይ ያሰጣሁ ዕለት ሁለቱንም ቆርጠው ጣሉብኝ። መሬት የወደቀ ጨርቅማ አዲስም ቢሆን ሞቷል፤ «አላህ ይማረው» ብለው በእግራቸው ወደ ዳር ይገፉታል። ሲያደርቁ አያሹም፤ ያረጀ ለስላሳ ፎጣ ያነጥፉና ቀስ ብለው ይጎትቱታል።

ከዚያ የምወደው ይመጣል። እጃቸውን በስስ ፌስታል ከተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀለሙን ይዳስሱታል። በባዶ እጅ ለስላሳ የመሰለህ ቀለም በፌስታል ሲዳሰስ እንደ ጥሬ ጤፍ ይቆረቁራል፤ የዛፍ ሙጫ፣ የአስፋልት ሬንጅ፣ የወፍ ኩስ የቀረው ሁሉ ይታወቃል። እሱን አንድ በአንድ ያነሳሉ። ፖሊሹን መጀመሪያ በማይታይ ቦታ፣ በኋላው የዕቃ መጫኛ ክዳን ሥር፣ በሁለት ጣት ይሞክሩታል። የመወልወያ ማሽን የሚነሳው ከዚያ ወዲያ ነው፤ እሱም ጠርዝ ጠርዙ ሁሉ በወረቀት ፕላስተር ከተሸፈነ በኋላ። «ማሽን አንድ ቦታ አይቆምም፤ ጠርዝ አይነካም። ጠርዝ ላይ ቀለም ስስ ነው» ይሉኛል፤ በየቀኑ፣ እንደማላውቅ። ሰሙን ደግሞ እስኪጠፋ ድረስ ስስ አድርገው ይቀቡና፣ በጣት ነክተው ጣቱ ንጹሕ ሲመለስ ያነሱታል። ያኔ መኪናዋ ላይ የዳሷ ቆርቆሮ ስንት ምስማር እንዳለው መቁጠር ይቻላል። ሥራው ይህ ነው እንግዲህ፤ ጽዳት የሚለው ይበለው።

የጋሽ ነስሩ ክብር ግን ከሰሙም ከማሽኑም አልነበረም፤ ከቃላቸው ነበር። ፒያሳ ላይ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ከዋጋው በፊት የሚጠይቀው «ቀለሟ ኦሪጅናል ነው?» ብሎ ነው። የተቀባ መኪና የተጋጨ፣ የተገለበጠ፣ ጉድጓዱ በስቱኮ የተሞላ ሊሆን ይችላልና። ይህንን ሻጭ ቢምል ማን ያምነዋል? ስለዚህ የአካባቢው ደላሎች መኪናውን ጋሽ ነስሩ ጋ ያመጡታል፤ እሳቸው አጥበው፣ ዳስሰው፣ አብርተው ሲያበቁ ገዢው መጥቶ አግዳሚው ላይ ይቀመጥና ይጠይቃቸዋል። ያሠራቸው ሻጩ ነው፤ እውነቱን የሚነግሩት ግን ለገዢው ነው። «ይህ በር ተቀብቷል» ካሉ ተቀብቷል። «ማንም አልነካውም» ካሉ ማንም አልነካውም። ለዚህ ሳንቲም አይቀበሉም። ደላሎቹም ገበያ ላይ ሲጣሉ «ነስሩ አይተውታል» ከተባለ ጭቅጭቁ ያበቃል። አንድ ሰው ያለ ማኅተም፣ ያለ ወረቀት እንዲህ ሲታመን ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ያንን ቃል ነው እኔ ያቃጠልኩት።

ሦስተኛ ዓመቴ ነው። እጄ ተፍታቷል፤ ትንሽም ጠግቤያለሁ። ምናሴ የሚባል ደላላ አንዲት ጥቁር የቤት መኪና አመጣ። ጋሽ ነስሩ ዞረው ዳሰሷትና «እንዴት ያለች ናት! ከፋብሪካ እንደወጣች ናት» ብለው ተደነቁ። በማግሥቱ መርካቶ ለቅሶ ነበራቸውና «ትታጠባለች፣ ጭረቷ በእጅ ይነሳል፤ ማሽን ከፈለገች እኔ ስመጣ» ብለውኝ ሄዱ። ገዢዋ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ይመጣሉ ተብሏል። እትዬ ጽጌ ይባላሉ፤ አምስት ኪሎ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህርት፤ መራመድ ያቃታቸውን እናታቸውን ቤተ ክርስቲያን ማድረሻ ነው የሚፈልጉት።

እኔ ምን አደረግኩ? ማሽን አነሳሁ። ጋሽ ነስሩ ሲመለሱ ላስደንቃቸው! ፕላስተሩንም ተውኩት፤ ለማን ብዬ? ጣራው አማረ፣ በሮቹ አማሩ። ኮፈኑ ላይ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው ሸንተረር ጋ ስደርስ ምናሴ መጥቶ «ተሼ፣ አንተ እኮ ሽማግሌውን በለጥካቸው!» አለኝ። ቀና ብዬ ፈገግ አልኩለት። ማሽኑ ግን እጄ ላይ እየዞረ ነበር። ቃጠሎው ሸተተኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ ሸንተረሩ ላይ ጥቁሩ ሄዶ፣ የሃምሳ ሳንቲም ያህል፣ ከቀለም ሥር የሚቀባው ግራጫ አንትረስት አፍጥጦ ያየኛል።

ምናሴ ፊቱ ተለዋወጠና «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» ብሎ ሹልክ አለ። ቀለም ቀቢ ጋ ብወስደው ቢያንስ ሁለት ቀን ነው፤ ደግሞም ወሬው ከእኔ ቀድሞ ጋሽ ነስሩ ጋ ይደርሳል። ቆሜ ሳስብ ዳቦ ቤቱ ጥግ የሚቀመጠው ሊስትሮ የአንድ ሰውዬ ጫማ ጫፍ ላይ የተላጠውን ቦታ ሲያጠቁር አየሁት። እንዴት ያለ ሐሳብ ነው የመጣልህ በሉኝ! አንድ ቆርቆሮ ጥቁር የጫማ ቀለም ገዛሁና በጨርቅ ጫፍ ደጋግሜ ቀባሁት፣ አሸሁት፣ ከላዩ ሰም አለበስኩት። ሲያበቃ እኔው ራሴ ቦታውን አጣሁት። ይቅር ይበለኝ፤ በብልጠቴ ኮርቼ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጋሽ ነስሩ መኪናዋን ጥላ ሥር አይተው «ማሻ አላህ፣ እጅህ ይባረክ» አሉኝ። በእጅ የሠራሁት መስሏቸዋል። ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ! ባሊውን አንስቼ ውኃ ልደፋ ወጣሁ። እትዬ ጽጌ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ምናሴ መኪናዋን ወደ ፀሐይ አወጣት። ጋሽ ነስሩ አግዳሚው ላይ አስቀመጧቸውና ያችን ቃል ተናገሩ፤ «መምህርት፣ ይህችን መኪና ከፋብሪካ ከወጣች ወዲህ ማንም አልነካትም።»

እትዬ ጽጌ ደስ አላቸው። መኪናዋን ዞሩ፣ በሩን ከፍተው ዘጉ። ምናሴ ሞተሩን ሊያሳያቸው ኮፈኑን ሊያነሳ ሲል፣ እሳቸው የፊት መስታወቱን ሊያዩ ኮፈኑ ላይ ጎንበስ ብለው ደገፍ አሉ። ፀሐዩ ደግሞ ከርሯል። ቀና ሲሉ ነጠላቸው ደረታቸው ላይ ጥቁር በጥቁር ሆኗል።

«ጋሽ ነስሩ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

ጋሽ ነስሩ መጡ። ሸንተረሩን በጣታቸው ጠረግ አደረጉና ጣታቸውን አሸተቱ። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብለው አዩኝ። አልጮሁም። ቢጮሁብኝ፣ ቢመቱኝ ምን ነበረበት!

«የጫማ ቀለም ነው፤ ሥሩ ተልጧል» አሏቸው። «ቃሌ ውሸት ሆነ። ነጠላዎን እኔ አጥቤ እመልሳለሁ፤ መኪናዋን ግን በኔ ቃል አይግዙ።»

ምናሴ ዘሎ ገባ። «ጋሽ ነስሩ፣ ኧረ በአላህ! ፖሊሽ ያመለጠው ነው ይበሏቸው እንጂ! መኪናዋ እኮ ኦሪጅናል ናት!»

«ነበረች» አሉ ጋሽ ነስሩ። «እኔ ያልኩት ግን ነበረች ብዬ አይደለም።»

እትዬ ጽጌ ነጠላቸውን ሰብስበው ዳገቱን ወጡ።

በማግሥቱ ጠዋት ጋሽ ነስሩ ሽርጥ አልለበሱም። ኮታቸውን ደርበው «ተነስ፣ እንዞራለን» አሉኝ። ከምናሴ ሌላ በእሳቸው ቃል መኪና የሚያሻሽጡ አምስት ደላሎች ነበሩ፤ አምስቱም ጋ በእግር ሄድን። መጀመሪያ ሠራተኛ ሠፈር። ጋሽ ነስሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ትናንት አንዲትን መኪና ማንም አልነካትም ብዬ ነበር። ውሸት ነው። ከእኔ ዳስ በጫማ ቀለም ተለቅልቃ ወጥታለች። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው» አሉ። ሰውዬው በድንጋጤ እኔን ያያል፣ እሳቸውን ያያል። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ሁለተኛው ዶሮ ማነቂያ፤ ያው ንግግር። ሦስተኛው ከጊዮርጊስ በታች፤ ያው። የማን እጅ እንደሆነ አንዱም ጋ አልተናገሩም፤ «ከእኔ ዳስ» ብቻ። እግራቸውን ያማቸዋል፤ ዳገት ላይ እየቆሙ ነበር የሚሄዱት። እኔ ከኋላቸው እየተከተልኩ ላብ ያጠምቀኛል።

አራተኛው ደላላ አንድ ካፌ ውስጥ ባንኮኒ ተደግፎ ማኪያቶ ይጠጣ ነበር። ንግግራቸውን ሰምቶ ሳቅ አለና «ጋሽ ነስሩ፣ እርስዎም አረጁ ማለት ነው» አላቸው። ጋሽ ነስሩ አንገታቸውን ደፉ። «ይሆናል» አሉ።

እሱን መስማት አልቻልኩም። «እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ፤ ካፌው ሙሉ ዞሮ አየኝ። «እሳቸው አያውቁም፤ ለቅሶ ሄደው ነው። ያቃጠልኩትም እኔ፣ የቀባሁትም እኔ፣ አይቼ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ!» ደላላው ሲኒውን አስቀመጠ።

ስንወጣ ጋሽ ነስሩ ክርኔን ያዙ፤ ለመደገፍ ነው። «እኔ እኮ ሁለተኛው ጋ ትናገራለህ ብዬ ነበር» አሉኝ። «በከንቱ እግሬን ጨረስከው።» ከዚያ አምስተኛው ጋ ሄድን፤ እዚያ ተናጋሪው እኔ ሆንኩ።

አላባረሩኝም። ኮፈኑን በራሳቸው ወጪ አስቀቡት፤ መኪናዋም «ኮፈኗ ተቀብቷል» ተብሎ ለሌላ ሰው ተሸጠች። ቅጣቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መኪና ለማሳጠብና ለማስወልወል ሰው ይመጣል፤ የሚጠይቃቸው ግን ጠፋ። ገዢ መጥቶ አግዳሚው ላይ መቀመጥ ቀረ። ወራት አለፉ፣ ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱ ወጣ። ጋሽ ነስሩ ሥራ ሲያበቁ አግዳሚው ዳር ይቀመጡና ወደ ዳገቱ ያያሉ። ሃያ ዓመት የተገነባ ስም በእኔ ጣት አለቀ እያልኩ ቤቴ ስገባ እህል አይወርድልኝም ነበር። ባለቤቴ «ሥራውን ተወው» ብትለኝ «ትቼው ልሂድ? እሳቸውን እዚያ አስቀምጬ?» አልኳት። በእያንዳንዱ መኪና ላይ ፕላስተር ስለጥፍ ጠርዙን ሦስት ጊዜ በጣቴ እዳስሰው ጀመር።

መስከረም ላይ፣ አንድ ቀን ከሰዓት፣ አንዲት ጥቁር መኪና ዳገቱን ወርዳ ዳሱ በር ላይ ቆመች። ሻጩ ከመሪው ወረደ፤ ከጎኑ ደግሞ እትዬ ጽጌ! አሁንም ጥቁር፤ ሴትየዋ ጥቁር ይወዳሉ። ደንግጬ ባሊው ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

«ጋሽ ነስሩ» አሉ፤ «ስንት ቦታ ዞርኩ፤ ሁሉም ይምልልኛል። ውሸት ሆነ ብሎ የነገረኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ይህችን ይዩልኝ።»

ጋሽ ነስሩ ፊታቸው በራ። ብድግ አሉ፤ ግን መልሰው ተቀመጡ። «ተሼን ይጠይቁት» አሉ።

«እሱን?» እትዬ ጽጌ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ የካፌው ወሬ ደርሷቸው ኖሯል። «ያንን የጫማ ቀለም?»

«ያንኑ። እኔ መኪና ሳይ የማየው ቀለም ነው፤ እሱ የሚያየው የእርስዎን ነጠላ ነው። ከእኔ ይልቅ እሱ ይፈራል።»

እትዬ ጽጌ አግዳሚው ጋ ሄደው ከጋሽ ነስሩ አጠገብ ተቀመጡ። «እሺ፤ ይየው» አሉ።

አጠብኳት፣ አደረቅኳት፣ ፌስታል አድርጌ ዳሰስኳት። ፀሐይ አወጣኋት፣ ጥላ መለስኳት። ስቱኮ ካለ ብዬ በጥፍሬ እየመታሁ ድምፁን ሰማሁ። የየበሩን ላስቲክ እየገለጥኩ አየሁ። ከቀኝ የኋላ በር ላስቲክ ሥር ክር የምታህል ጥቁር ነገር አገኘሁ፤ ላስቲኩ ላይ የተረጨ ቀለም ነው። ፋብሪካ ላስቲክ አይቀባም። ጣራውን፣ ኮፈኑን፣ ሸንተረሩን ደግሞ ደጋግሜ አየሁ፤ ሻጩ «ምነው፣ ልታገባት ነው?» እስኪለኝ ድረስ።

«የቀኝ የኋላው በር ተቀብቷል» አልኩ።

ሻጩ ተቆጣ። «ማነህና ነው አንተ?»

እትዬ ጽጌ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። «ሌላውስ?» አሉኝ።

ጋሽ ነስሩን አየሁ፤ እሳቸው ግን ወደ ዳገቱ ያያሉ። «ሌላውን ማንም አልነካውም፣ እትዬ» አልኩ።

«በቃ፣ እወስዳታለሁ» አሉና ተነሱ። ለሻጩም «የበሩን ትቀንሳለህ» አሉት፤ መምህርት አይደሉ! እያሟገቱት ወደ ዳቦ ቤቱ ሄዱ።

እኔ የጣቴን አሻራ ከኮፈኑ ላይ ላነሳ ጎንበስ እንዳልኩ እንባዬ መጣ። የስምንት ወር እንባ ነው፤ አልቆም አለኝ። ጋሽ ነስሩ ከኋላዬ መጥተው ትከሻዬን ይዘው ከመኪናዋ አራቁኝ።

«ተሼ፣ ወዲያ ዞረህ አልቅስ» አሉኝ። «እንባ ጨው አለው፤ ቀለም ይበላል።»